ጭልፊቶቹን ጎጆ ያወጡት ሰው

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ጭላትን ያውቃታል። ከሥጋ ቤት ደጃፍ፣ ከድግስ ድንኳን ጀርባ፣ አንዳንዴም ከልጅ እጅ ላይ ብልት መንትፋ ወደ ሰማይ የምትወጣው ወፍ እሷ ናት። ጭልፊት ግን ሌላ ናት። ከጭላት አነስ ትላለች፤ ደረቷ ሞላ፣ ክንፎቿም ሾል ያሉ ናቸው። የወደቀ ሥጋ አትጠብቅም፤ በአየር ላይ የሚበር ወፍን ከላይ ወርዳ ትመታለች። ፐሪግሪን የተባለችው የጭልፊት ዝርያ ለአደን ቁልቁል ስትወረወር በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ትፈጥናለች። በዓለም ላይ ከእሷ የሚፈጥን እንስሳ የለም። ፐሪግሪን በአገራችንም ትገኛለች።

ዱባይ ወይም አቡ ዳቢ ዘመድ ያለው ሰው ደግሞ ጭልፊትን በሌላ መልኳ ሳያያት አልቀረም፤ ዓይኗን በቆዳ ቆብ ተሸፍና፣ ነጭ ጀለቢያ በለበሰ ሰው ጓንት ላይ ቁጭ ብላ። በኤሚሬትስ ጭልፊት የራሷ ፓስፖርት አላት። አቡ ዳቢ ውስጥም በ1999 የተከፈተ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለጭልፊቶች የተሠራ ሆስፒታል አለ። ይህን ስንሰማ ብዙዎቻችን “ገንዘብ ሲተርፍ እንዲህ ያደርጋል” ብለን ፈገግ እንላለን።

እውነት ነው፣ ጭልፊት ማሠልጠን ሥራ ፈት የሚያደርገው ነገር ሊመስል ይችላል። ዕድሜውን ሙሉ አንዲት ወፍ በክንዱ ይዞ ሜዳ ለሜዳ የሚዞር ሰው ለቤተሰቡም ሆነ ለአገሩ ምን ፈየደ? ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2019 በ91 ዓመታቸው ያረፉት አሜሪካዊ ፕሮፌሰር ቶም ኬድ ለዚህ ጥያቄ በሕይወታቸው መልስ ሰጥተዋል። ኬድ ሳይንቲስት ነበሩ፤ ከሳይንቲስትነታቸው በፊት ግን ባለጭልፊት ነበሩ። ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው የሠሩት ሥራ ከአንድ አህጉር ሰማይ ሊጠፋ የተቃረበን ፍጥረት መልሷል። ይህንንም ያደረጉት ብዙ ሰው ፋይዳ ቢስ ብሎ በናቀው በዚያው የጭልፊት ሙያ ነው።

ማንንም የማትወድ ወፍ

ታሪኩ እንዲገባን አስቀድመን ሙያውን እንወቅ። ውሻ ጌታውን ይወዳል። ጭልፊት ግን ማንንም አትወድም። ብታሞግሷት ደስ አይላትም፤ ብትቆጧት አይገባትም፤ ብትመቷትማ ጭራሽ ትጠፋለች፤ አመኔታዋም አይመለስም። ከሰው ጋር የሚያቆያት አንድ ነገር ብቻ ነው። ከዚህ ሰው እጅ ምግብ እንደማታጣ፣ ክፉም እንደማይደርስባት ስታምን ትቆያለች።

ይህ እምነት በአንድ ቀን አይገኝም። አዲስ ጭልፊት የያዘ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙ ሰዓት፣ አንዳንዴም እስከ ሌሊት ድረስ በጓንቱ ላይ ተሸክሟት ይቀመጣል። ቲቪ ሲከፈት፣ ልጆች ሲሮጡ፣ በር ሲዘጋ ሁሉንም ቀስ በቀስ ትለምዳለች። ድምፁን ከፍ ማድረግ፣ በድንገት መነሳትና ዓይኗን አፍጥጦ ማየት ክልክል ነው። ከሰው ክንድ ላይ ሆና ለመጀመሪያ ጊዜ አንገቷን ደፍታ ሥጋ ስትበላ ባለጭልፊቱ የሚሰማው ደስታ፣ ምግብ አልቀምስ ብሎ ያስቸገረ ልጅ አፉን ሲከፍት እናት ከሚሰማት ደስታ ጋር ሳይቀራረብ አይቀርም።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ትመዘናለች፤ ያውም በግራም። ከሚገባው በላይ ከጠገበች ወደ ሰውየው የምትመለስበት ምክንያት የላትም። ከሚገባው በታች ከከሳች ደግሞ ጉልበቷ ይከዳታል፤ ትታመማለች። ባለጭልፊት የሚኖረው በእነዚህ ሁለት ጫፎች መካከል ነው። ዝናብ ቢዘንብ፣ እንግዳ ቢመጣ፣ ራሱ ቢታመም ወፏ መመዘን፣ መብላት፣ መብረርም አለባት።

ከሁሉም የሚከብደው የልምምዱ ማብቂያ ነው። በረጅም ሲባጎ ታስራ ስትለማመድ የቆየችው ጭልፊት አንድ ቀን ሲባጎው ይፈታላታል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ነፃ ናት። እግሯ ላይ ትንሽ ቃጭል፣ ዛሬ ዛሬ ደግሞ መገኛዋን የሚጠቁም የሬዲዮ መሣሪያ ቢደረግላትም፣ ላትመለስ ብትወስን የሚያስገድዳት ኃይል የለም። በደንብ የሠለጠነች ፐሪግሪን ወደ ሰማይ ወጥታ ከባለጭልፊቱ ራስ በላይ እየዞረች ትጠብቃለች። ውሻው ወይም ሰውየው ከሣር ውስጥ ወፍ ሲያስነሳላት ክንፏን ሰብስባ ትወርዳለች። አደኑ የእሷ ነው፤ ሰውየው አጋዥዋ ብቻ ነው። በየቀኑ ይለቃታል፤ በየቀኑም ላትመለስ እንደምትችል ያውቃል።

የዘጠኝ ዓመቱ ልጅና መጽሔቱ

ቶም ኬድ በ1928 በቴክሳስ ግዛት ሳን አንጀሎ ከተማ ተወለዱ። ዘጠኝ ዓመት ሲሆናቸው፣ በ1937፣ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ፍራንክና ጆን ክሬግሄድ የተባሉ የሃያ ዓመት መንትያ ወንድማማቾች ከአዳኝ ወፎች ጋር ያሳለፉትን ሕይወት በፎቶግራፍ አስደግፎ አወጣ። ያ ጽሑፍ የልጁን ልብ ሰረቀ።

ጽሑፉን ያነበበው እሳቸው ብቻ አልነበሩም። ሕንድ ውስጥ የባቭናጋር መሣፍንት ቤተሰብ የሆኑት ልዑል ዳርማኩማርሲንጂም አነበቡት። እሳቸውም ባለጭልፊት ነበሩ። ለመንትዮቹ ደብዳቤ ጻፉላቸው፤ ወዳጅነታቸው በደብዳቤ ጸና፤ በ1940 ወንድማማቾቹ ወደ ሕንድ ሄደው የልዑሉ እንግዳ ሆኑ። በዚያ የቅኝ ግዛት ዘመን አንድ የሕንድ ልዑልንና ሁለት የአሜሪካ ተማሪዎችን እንደ እኩያ ያስቀመጣቸው ለአንዲት ወፍ ያላቸው ፍቅር ነው። የዚህ ሙያ ሰዎች እንዲህ ናቸው። ቁጥራቸው ጥቂት ስለሆነ አገርና ቋንቋ ሳይገድባቸው ይፈላለጋሉ። ይህ ባሕርያቸው በኋላ ወሳኝ ሆኖ ተገኘ።

ኬድ ካደጉ በኋላ በአላስካ ዩኒቨርሲቲ ተማሩ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአላስካ ዩኮንና ኮልቪል ወንዞች ላይ በጀልባ እየተጓዙ ከገደሉ አፋፍ የሚፈለፈሉ ጭልፊቶችን ቆጠሩ፤ ምን እንደሚበሉ፣ ስንት ጫጩት እንደሚያሳድጉ መዘገቡ። በ1958 ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ።

ወደ አፍሪካም መጥተዋል። በደቡባዊው የካላሃሪ በረሃ ከጎርደን ማክሊን ጋር ያደረጉት ጥናት ለወላጅ ሁሉ ቢነገር የሚገባው ነው። በበረሃ የሚኖር እርግብ የሚያህል አንድ ወፍ አለ፤ ዘመዶቹ በእኛም ቆላ አካባቢዎች ይገኛሉ። የዚህ ወፍ አባት ጠዋት ጠዋት ብዙ ኪሎ ሜትር በርሮ ውኃ ዳር ይወርዳል፤ የሆዱን ላባ ውኃ ውስጥ ነክሮ እንደ ስፖንጅ ያረጥበዋል፤ ተመልሶም መብረር ያልቻሉ ጫጩቶቹን ከላባው ያጠጣል። ወሬው ከ1896 ጀምሮ ቢነገርም ብዙ ሊቃውንት ተረት ነው ብለው ትተውት ነበር። ኬድና ማክሊን በ1967 እውነት መሆኑን በማስረጃ አሳተሙ። በትዕግሥት ቁጭ ብሎ ወፍ ማየት የባለጭልፊት ልማድ ነው። ያ ልማድ እዚህም ፍሬ አፈራ።

ዝም ያሉት ገደሎች

በዚያው ዘመን አንድ አስደንጋጭ ወሬ መሰማት ጀመረ። በ1964 ተመራማሪዎች በምሥራቅ አሜሪካ ቀድሞ የፐሪግሪን ጎጆ እንደነበረባቸው የታወቁ 133 ገደሎችን አንድ በአንድ ጎበኙ። በአንዱም ላይ ፐሪግሪን አላገኙም። ለብዙ ትውልድ ወላጅ ለልጅ ሲያወርሳቸው የኖሩ ጎጆዎች ኦና ሆነው ነበር። በ1965 በማዲሰን፣ ዊስኮንሲን፣ የዓለም የጭልፊት አዋቂዎች ተሰብስበው መረጃቸውን ሲያመሳክሩ አውሮፓም ተመሳሳይ ችግር እንዳለባት ተረዱ።

ምክንያቱ ምን ነበር? መልሱን ያስገኘው ሌላ የተናቀ ልማድ ነው። በእንግሊዝ አገር የወፍ እንቁላል እየሰበሰቡ በሣጥን የሚያስቀምጡ ሰዎች ነበሩ። ደረክ ራትክሊፍ የተባሉ ተመራማሪ የድሮዎቹን ቅርፊቶች ከአዲሶቹ ጋር አወዳድረው በ1967 ውጤቱን አሳተሙ። ከ1947 ገደማ ጀምሮ የፐሪግሪን እንቁላል ቅርፊት በድንገት ሳስቷል። እናቲቱ ልታቅፈው ስትቀመጥበት ከክብደቷ የተነሣ ይሰበራል። ጊዜው ደግሞ ዲዲቲ የተባለው ፀረ ተባይ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በየእርሻው መረጨት ከጀመረበት ጊዜ ጋር ይገጥማል።

ዲዲቲ ለእኛም እንግዳ ስም አይደለም። በወባማ አካባቢ ያደጉ አንባቢዎች ረጪዎቹ በየቤቱ ገብተው ግድግዳውን ሲረጩ፣ ሽታውም ለቀናት ሲቆይ ያስታውሳሉ። ከወባ ብዙ ሕይወት ማትረፉ አይካድም፤ ለዚህም ነው ከ2001 የስቶክሆልም ስምምነት በኋላ እንኳ ለበሽታ መከላከያ ብቻ እንዲውል የተፈቀደው። በእርሻና በጫካ ላይ በገፍ ሲረጭ ግን ሌላ መዘዝ አመጣ። መርዙ በቶሎ አይበሰብስም፤ በስብ ውስጥ ይጠራቀማል። ነፍሳቱ ጥቂት ይወስዳሉ። ትንሿ ወፍ ብዙ ነፍሳት ትበላለች። ጭልፊት ደግሞ ብዙ ትንንሽ ወፎች ትበላለች። ከታች ጠብታ የነበረው ላይኛው ጫፍ ሲደርስ እንቁላሉ በቂ ካልሲየም እንዳያገኝ የሚያደርግ መጠን ይሆናል። ኬድና የሥራ ባልደረቦቻቸው እርሻ እምብዛም በሌለባት በአላስካ ሳይቀር በጭልፊቶች ሰውነት ውስጥ የመርዙን ቅሪት አገኙ።

በ1972 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ዲዲቲን ለእርሻ መጠቀምን አገደ። እገዳው ግን ኦና የሆኑትን ገደሎች ብቻውን ሊሞላ አይችልም። ወፎቹ ከሌሉ ማን ይፈለፍላል?

“የእኔን ውሰዱ” ያሉ ጓደኞች

ኬድ በ1967 ወደ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተዛውረው ነበር። በ1970 “ዘ ፔሪግሪን ፈንድ” የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። ዓላማው ቀላል ቢመስልም ብዙዎች የማይሆን ነገር ነው ይሉት ነበር። ፐሪግሪንን በቤት ውስጥ አራብቶ ወደ ዱር መመለስ ነበር ሐሳቡ።

የዱር ጭልፊት በእጅ ተይዛ እንቁላል መጣሏ ያልተለመደ ነገር ነበር። በአየር ላይ የሚጠናናን ወፍ በክፍል ውስጥ ዘግቶ “ተጋቡ” ማለት እንዴት ይቻላል? ይህን ሊሞክር የሚችለው ፊቷን አይቶ ረሃቧን፣ ፍርሃቷንና ንዴቷን የሚለይ ሰው ነው። ይህ ዕውቀት ደግሞ በዩኒቨርሲቲ መጽሐፍ አልተጻፈም፤ በባለጭልፊቶች እጅ ነበር።

ኬድ ለጓደኞቻቸው ጥሪ አቀረቡ፤ ባለጭልፊቶቹም ወፎቻቸውን ሰጡ። ይህን ቀላል ነገር አድርገን እንዳናየው። ለዓመታት በየቀኑ መዝነው፣ አብልተው፣ ከሜዳ ሜዳ ተከትለው ያሳደጓትን ጭልፊት፣ ይሳካ አይሳካ በማይታወቅ ሙከራ ላይ አሳልፎ መስጠት ነው። በኒው ዮርክ ግዛት ኒው ፓልትዝ ያስተምሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ሄይንዝ ሜንግ በግላቸው ደክመው በ1971 ፐሪግሪን ማራባት ችለው ነበር። ስሙንና ክብሩን ለራሳቸው ይዘው መቀመጥ ሲችሉ፣ የተሳካላቸውን ጥንድ ወፍ ለኮርኔል አዋሱ። ጂም ዊቨር የተባሉት ባለጭልፊት ደግሞ የወፎቹን ቤት የዕለት ተዕለት ሥራ ይመሩ ነበር።

ሥራው ትዕግሥት አስጨራሽ ነበር። ሴቲቱ የመጀመሪያውን ዙር እንቁላል ስትጥል በጥንቃቄ ይወሰድና በመፈልፈያ ማሽን ይቀመጣል። እሷም ጎጆዋ ባዶ መሆኑን ስታይ ሁለተኛ ዙር ትጥላለች። በዚህ ዘዴ በዓመት የሚገኘው ጫጩት ይጨምራል። ጥንዶቹ አልዋደድ ሲሉ ለወተት ላም እንደሚደረገው ሰው ሠራሽ የማዳቀል ዘዴ ይሞከራል። በ1973 ከሦስት ጥንዶች 20 ጫጩቶች አደጉ። አይሆንም የተባለው ሆነ።

ከጥንቱ ዘዴ አንዲት እርምጃ ሲቀነስ

ጫጩት ማግኘት የሥራው ግማሽ ነው። በማሽን የተፈለፈለች፣ ወላጅ ያላስተማራት ጭልፊት ዱር ውስጥ እንዴት ትኖራለች?

እዚህ ላይ ባለጭልፊቶቹ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲሠሩበት የኖሩት አንድ ዘዴ ነበራቸው። ጫጩቷ ለመብረር ጥቂት ሲቀራት ከገደል አፋፍ ወይም ከማማ ላይ በተቀመጠ ሣጥን ውስጥ ትደረጋለች። ምግቧ በየቀኑ ይቀርብላታል፤ ሰጪውን ግን እንዳታይ ይደረጋል። ከጥቂት ቀናት በኋላ የሣጥኑ ፊት ይከፈታል። ወጥታ ትበራለች፤ ትወድቃለች፤ ትነሳለች፤ ሲርባት ወደ ሣጥኑ ተመልሳ ትበላለች። ለሳምንታት እንዲህ እየሆነች ክንፏ ይጠነክራል። በጥንቱ ዘዴ ባለጭልፊቱ ይህን የሚያደርገው ጠንካራ አዳኝ እንድትሆንለት ነው፤ በመጨረሻ ራሷን ችላ ማደን ስትጀምር መልሶ ይይዛታል።

ኬድና ጓደኞቻቸው ከዚህ ዘዴ አንዲት እርምጃ ብቻ ቀነሱ። መልሶ መያዝን ተዉት።

በእኛ አነጋገር ልጅ አግብቶ ከወላጅ ቤት ሲወጣ “ጎጆ ወጣ” ይባላል። ኬድ ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ጭልፊቶቹን ጎጆ አወጡ። ከ1974 ጀምሮ በየክረምቱ ወጣት ጠባቂዎች ድንኳን ተክለው በገደልና በማማ ሥር ከረሙ። ምግቡን ተደብቀው እያቀረቡ፣ የእያንዳንዷን ወፍ መውጣትና መግባት በማስታወሻ እየመዘገቡ ቆዩ። ጠባቂው የሚደሰተው ወፏ ለምግብ የምትመጣባቸው ቀናት እየተራራቁ ሲሄዱ ነው። አንድ ቀን ጭራሽ ሳትመጣ ትቀራለች። ያን ጊዜ ሥራው ተሳካ ይባላል።

ሁልጊዜ ግን አልተሳካም። በተፈጥሮ ገደሎች ላይ የተለቀቁ ብዙ ጫጩቶች ሌሊት በትልቅ ጉጉት ተበልተዋል። የሚጠብቃቸው እናትና አባት አልነበራቸውምና። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ጉጉት ወደማይበዛባቸው ስፍራዎች ተዛወሩ፤ በባሕር ዳርቻ ረግረግ ላይ ማማ ሠሩ፤ ከከተማ ፎቅ ጣሪያም ላይ ለቀቁ። ለጭልፊት ረጅም ፎቅ ገደል ነው፤ በየአደባባዩ የሚርመሰመሰው እርግብ ደግሞ ምግቧ። በባልቲሞር ከተማ “ስካርሌት” የተባለች የተለቀቀች ፐሪግሪን በ1978 አንድ የመድን ድርጅት ሕንፃ ላይ ሰፈረች። መጀመሪያ ላይ ለእሷ የሚሆን ወንድ አልነበረም። ባለሙያዎቹ ከኮርኔል ጫጩቶች እያመጡ በየዓመቱ ሲሰጧት የራሷ እንደሆኑ ሁሉ አሳደገቻቸው። በ1984 በመጨረሻ የራሷን ጫጩቶች አሳደገች።

ተቃውሞም አልጠፋም። አንዳንድ የተፈጥሮ ጥበቃ ሰዎች “ባለጭልፊቶቹ ወፍ የሚያራቡት ለራሳቸው መጫወቻ ነው” ብለው ጠረጠሩ። ሌሎች ደግሞ ከተለያየ አገር የመጡ የፐሪግሪን ዘሮችን ቀላቅሎ መልቀቅ ጠፋ የተባለውን የምሥራቅ አሜሪካ ወፍ መመለስ አይደለም ሲሉ ተከራከሩ። ሁለተኛው ክርክር መሠረት ነበረው፤ የቀድሞው ዘር በንጹሕ መልኩ አልተመለሰም። ለመጀመሪያው ጥርጣሬ ግን መልሱ ሰማይ ላይ ነበር። ከ1974 እስከ 1997 ባለው ጊዜ ድርጅቱና ተባባሪዎቹ ከ4,000 በላይ ፐሪግሪኖችን ለቅቀዋል።

ወግ ማዕረግ

በ1975 በሰሜን አሜሪካ የታወቁት የፐሪግሪን ጥንዶች 324 ብቻ ነበሩ። በ1999 በአሜሪካና በካናዳ ቢያንስ 1,650 ጥንዶች ተቆጠሩ። በዚያው ዓመት በኦገስት ወር የአሜሪካ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ብሩስ ባቢት አይዳሆ ግዛት፣ ቦይዚ ከተማ ተገኝተው ፐሪግሪን ለመጥፋት ከተቃረቡ እንስሳት ዝርዝር መውጣቷን አበሠሩ። ቦይዚ የተመረጠችው ያለ ምክንያት አይደለም። ከ1984 ጀምሮ የኬድ ድርጅት ማዕከል እዚያ ነው። የሰባ አንድ ዓመቱ አዛውንት የልጆቻቸውን ወግ ማዕረግ አዩ።

ዘዴው ለሌሎችም ተረፈ። በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ባለችው በሞሪሺየስ በ1974 በዱር የታወቁት የደሴቲቱ ትንሽ ጭልፊቶች አራት ብቻ ነበሩ። እነሱም በተመሳሳይ መንገድ፣ በዚሁ ድርጅት እገዛ ጭምር ተርፈው በመቶዎች ተቆጠሩ። የካሊፎርኒያው ግዙፍ ጥንብ አንሣ ኮንዶርም በቦይዚ ማዕከል እየተራባ ይለቀቃል።

ኬድ ይህን ሁሉ አድርገው ባለጭልፊትነታቸውን አልተዉም። ከጡረታ በኋላም ጭልፊት ይዘው ወደ ሜዳ ይወጡ ነበር። ሳይንሱና ፍቅሩ ለእሳቸው ሁለት ነገር አልነበሩም።

የስም ግድግዳ

በቦይዚው ማዕከል ውስጥ የጭልፊት ሙያ ቤተ መዛግብት አለ። ያረፉ ባለጭልፊቶች ጓንት፣ የቆዳ ቆብ፣ ፎቶግራፍና የእጅ ጽሑፍ ማስታወሻ እዚያ ይቀመጣል። በግድግዳው ላይ ደግሞ ለሞቱት የመታሰቢያ ሰሌዳ ይደረግላቸዋል። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ በዓለም ስም ያላቸው አይደሉም፤ በሥራ ቀን ሌላ ሥራ ሲሠሩ ውለው ማለዳና ማታ ለወፋቸው የሚነሱ ሰዎች ነበሩ። የሚያስታውሷቸው ጓደኞቻቸው ናቸው። አብሮ ብርድ የጠጣ፣ የጠፋች ጭልፊት ፍለጋ አብሮ ያደረ፣ ወፏ የሞተችበትን ቀን የሚያውቅ ጓደኛ የሚያስታውሰውን ሌላ ሰው ሊያስታውሰው አይችልም።

በዚያው ሕንፃ ውስጥ በሼኽ ዛይድ ስም የተሰየመ የዓረብ ጭልፊት ቅርስ ክፍልም አለ። ሼኽ ዛይድ የኤሚሬትስ መሥራች መሪ ነበሩ፤ እሳቸውም ባለጭልፊት ነበሩና በ1995 የአደን ወቅት ሲያበቃ ጭልፊቶችን ወደ ዱር የመመለስ ፕሮግራም ጀምረዋል። ዛሬ በጭልፊት የማደን ሙያ በዩኔስኮ የማይዳሰስ የሰው ልጅ ቅርስ ነው። በ2010 በ11 አገሮች ስም ተመዝግቦ፣ በ2021 የአገሮቹ ቁጥር 24 ደርሷል።

የጭልፊት ሙያ በእኛ ዘንድ ባህል ሆኖ አልቆየም፤ ይሁንም ብሎ የሚመክር የለም። የዱር ወፍ ይዞ ማሰር በብዙ አገር በሕግ የተከለከለ ነው፤ ልጆችም ሊሞክሩት አይገባም። ከቶም ኬድ ሕይወት ለቤታችን የሚተርፈው ሌላ ነገር ነው። ልጃችን ስለ ጉንዳን፣ ስለ ድንጋይ ወይም ስለ አሮጌ ሬዲዮ ከሚገባው በላይ ሲጨነቅ “ይህ እንጀራ አይሆንህም” ለማለት እንቸኩላለን። በ1937 ዘጠኝ ዓመቱ የነበረውን ልጅም እንዲህ ማለት ይቻል ነበር። ባለጭልፊቶቹ ወፋቸውን በግራም ሲመዝኑ፣ ሌሊት ሲሸከሟት፣ የሣጥኑን ፊት መቼ መክፈት እንዳለባቸው ሲማሩ ለምን እንደሚጠቅም አያውቁም ነበር። ቀኑ ሲመጣ ግን ዕውቀቱ የሚገኘው ከእነሱ ዘንድ ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ልጆች ይዘው ወደ እንጦጦ ብቅ ሲሉ ቀና ብለው ይመልከቱ። በብዛት የሚያዩት ጭላትን ነው፤ ጅራቷ መሃሉ ላይ ገባ ያለ ነው፤ ስትበር ትዝናናለች። ክንፏ ሾል ብሎ፣ ክንፏን በፍጥነት እያራገበች ቀጥ ብላ የምታልፍ ካዩ ጭልፊት ሳትሆን አትቀርም። ልጆቹ ስሟን ከጠየቁ ይንገሯቸው። ከጠየቁም በኋላ ቆመው ማየት ከፈለጉ፣ አያስቸኩሏቸው።